ረቂቅ በግራ፣ ንጹሑ በቀኝ፦ የ4ኛ ክፍል ልጆችን ጽፎ ማሻሻል እንዴት እንደማስተምር

ብዙዎቻችን «ድርሰት አስተማርን» የምንለው እንዲህ ስናደርግ ነው፦ ርዕስ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ «ለነገ ጽፋችሁ ኑ» እንላለን፤ ደብተር ሰብስበን በቀይ እስክሪብቶ ፊደል እናርማለን፤ ከ10 ስንት ብለን እንመልሳለን። ልጁ ውጤቱን አይቶ ደብተሩን ይዘጋል። በሚቀጥለው ወር ርዕሱ ተለውጦ ያው ይደገማል። በዚህ መንገድ ልጁ ይፈተናል እንጂ አይማርም፤ የጻፈውን ተመልሶ የሚያይበት፣ የሚቆርጥበት፣ የሚጨምርበት ጊዜ የለውምና።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ነው። 25 ልጅ ብቻ የምታስተምሩ ከሆነ እሰየው፣ ይቀልላችኋል።

«ለጽሑፍ ይህን ያህል ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል መምህር አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ምርጫ ስለሆነ ጽሕፈት ክፍሉ ሲደርስ «ይህን ቤታችሁ ሥሩት» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ አንድን አጭር ጽሑፍ ለሁለት ሳምንት እይዛለሁ፤ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ በድምሩ አራት። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ጽሑፍ ቢወጣ ይበቃኛል። ታርሞ ከተጣለ ዐሥር ድርሰት፣ ልጁ ሦስቴ ተመላልሶበት የጨረሰው አንድ ጽሑፍ ይሻላል።

መጀመሪያ ደብተሩ

የረቂቅ ደብተር ከክፍል ደብተሩ የተለየ መሆን አለበት። አዲስ ግዙ ማለት ግን አይቻልም፤ ባለ 50 ሉክ ደብተር ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። መስከረም ላይ ልጆቹ ካምና ደብተሮቻቸው ያልተጻፈባቸውን ሉኮች ገንጥለው እንዲያመጡ አደርጋለሁ። ያለው ለሌለው ያካፍላል። መሐሉን በመርፌና በወፍራም ክር እንሰፋዋለን፤ ሽፋኑ የድሮ ካሌንደር ነው። ስፌቱ ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፣ ክፍሉም ገበያ ይሆናል፤ ይሁን።

ሕጉ ሦስት ነው። ረቂቅ ሁልጊዜ በግራ ገጽ፣ ንጹሑ ሁልጊዜ በቀኝ ገጽ ይጻፋል። በግራ ገጽ ላይ አንድ መስመር ተጽፎ አንድ መስመር ይዘለላል። ግራ ገጽ ላይ ላጲስ ክልክል ነው።

ላጲሱን የከለከልሁበት ምክንያት አለኝ። የኛ ልጆች ንጹሕ ደብተር የጎበዝ ተማሪ ምልክት እንደሆነ እየተነገራቸው ነው ያደጉት። ስለዚህ አንድ ቃል ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ያሻሉ፤ ደወል ሲደወል ሁለት ዓረፍተ ነገር ላይ ናቸው። በእስክሪብቶ ሲጽፉ ግን የማይፈልጉትን በአንድ መስመር ሰርዘው ያልፋሉ። የተሰረዘው ከሥሩ ይነበባል፤ ነገ «ለካ የመጀመሪያው ይሻል ነበር» ቢሉ እዚያው ያገኙታል። የሚጨመር ነገር ካለ ቦታው ላይ ትንሽ የጎጆ ጣሪያ ስለው አዲሱን ቃል ከላይ ባለው ባዶ መስመር ላይ ይጽፋሉ። ምልክቱን ልጆቹ «ጎጆ» ይሉታል። ዓረፍተ ነገር ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ቀስት ነው። ከዚህ የበለጠ ምልክት አያስፈልግም።

በእያንዳንዱ ግራ ገጽ አናት ላይ «ረቂቅ» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ይህን ለምን እንደምል ወላጆች ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ርዕሱን አጥብቡት

«ስለ ላም ጻፉ» ካላችሁ የሚመጣላችሁን ታውቁታላችሁ። ላም የቤት እንስሳ ናት። ላም አራት እግር አላት። ላም ወተት ትሰጣለች። ስልሳው ልጅ አንድ ጽሑፍ ይጽፋል፤ የሚሻሻልም የለውም፣ ሁሉም ትክክል ነዋ! «ሳድግ ምን መሆን እፈልጋለሁ» የሚለውም ዕጣው ይኸው ነው፤ ክፍሉ በሐኪምና በፓይለት ይሞላል።

ልጁ ራሱ የነበረበት፣ አንድ ቀን ወይም አንድ ሰዓት የሆነ ነገር ይሁን። እኔ ዘንድ የሠሩ ርዕሶች፦ መብራት የጠፋ ዕለት፤ ወፍጮ ቤት የተላክሁ ቀን፤ በግ ወይም ዶሮ የጠፋብን ጊዜ፤ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ እኔ የት እንደምሄድ፤ የተደበቅሁበት ቦታ። የመጨረሻው በጣም ጥሩ ነው፤ ሁሉም ልጅ የተደበቀበት ቦታ አለው።

ርዝመቱም አጭር ይሁን። ከ5 እስከ 8 ዓረፍተ ነገር። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት (ስንኝ) ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ በስምንት ቤቱ መወድስ አይጀምርም፤ የደረሰውንም ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ፣ ታርሞ፣ ተመልሶ ያቃናል። ይህን አሠራር ከውጭ የመጣ ዘዴ አድርገው የሚያዩት አሉና ነው ይህን ማንሳቴ። አንድ ገጽ ሙሉ የጻፈ የ4ኛ ክፍል ልጅ እንደገና ጻፈው ሲባል ያለቅሳል፤ ስድስት ዓረፍተ ነገር የጻፈ ግን አያለቅስም።

ከመጻፍ በፊት ወሬ

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግማሹ በወሬ ያልቃል። በዴስኩ ያሉት ሦስቱ ልጆች በየተራ ታሪካቸውን ለሁለቱ ያወራሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ተራውን እኔ በጭብጨባ አስለውጣለሁ። ክፍሉ ይንጫጫል። ከጎን ያለው መምህር በር ሊያንኳኳ ይችላል፤ አስቀድሜ ስለምነግረው አሁን ተለማምዶታል።

ተረት ሲሰማ ያደገ ልጅ ማውራት ያውቅበታል። ሲያወራ ድምፅ ያስመስላል፣ የሰው ንግግር ይደግማል፣ እጁን ያወናጭፋል። እስክሪብቶ ሲይዝ ግን ያ ሁሉ ጠፍቶ «ከዛ ሄድኩ፣ ከዛ መጣሁ» ይሆናል። ስለዚህ ወሬው እንዳበቃ «አሁን ካወራችሁት ውስጥ ጓደኞቻችሁ የሳቁበትን ወይም የደነገጡበትን ቦታ በሁለት ቃል ገጹ ጥግ ላይ ጻፉ» እላለሁ። «ውሻው ሲያስነጥስ»፣ «አያቴ ዱላ» ዓይነት ነገር። ረቂቁ ውስጥ ያ ነገር ሳይገባ እንዳይቀር መያዣ ነው።

ከዚያ 15 ደቂቃ ዝም ብሎ መጻፍ። በዚህ ሰዓት «ቲቸር፣ ‹ፀሐይ› በየትኛው ፀ ነው?» የሚል እጅ ይወጣል። መልሴ አንድ ነው፤ «እንደመጣልህ ጻፈውና ከሥሩ አስምርበት፣ በኋላ እናየዋለን።» ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች የአማርኛው ቃል ካልመጣላቸው በራሳቸው ቋንቋ ጽፈው እንዲያልፉ እፈቅዳለሁ። ቃሉ በኋላ ይገኛል፤ የተቋረጠ ሐሳብ ግን አይገኝም።

ደወሉ ሲደወል ደብተሩን እኔ እሰበስባለሁ፤ ቤት አይሄድም። ቤት ከሄደ ታላቅ እህት ትጽፍለታለች።

የራሳችሁን ጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ስጡ

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከሦስት ቀን በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ። ልጁ የጻፈውን ትንሽ ይርሳው፤ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ሊያየው የሚችለው ያኔ ነው።

የልጆቹን ረቂቅ ከመመለሴ በፊት ግን የራሴን እሰጣቸዋለሁ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት መጣሁ። በጣም ብርድ ነበር። ከዚያ ክፍል ገባሁ።»

«ጠይቁኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ፤ መምህር አይጠየቅም ብለው። ከኋላ አንዱ ይጀምራል፦ «ቲቸር፣ ጓንት አድርገው ነበር?» አላደረግሁም። «እጅዎት ምን ሆነ?» ደነዘዘ። «በባጃጅ ነው የመጡት?» በእግሬ ነው። «ታዲያ በደነዘዘ እጅ በሩን እንዴት ከፈቱት?» በሩ ክፍት ነበር፣ ግን የቦርሳዬን ዚፕ በጥርሴ ነው የከፈትሁት። ይሄኔ ይስቃሉ። ዳስተሩን አላነሳም። «በጣም ብርድ ነበር» የሚለውን በጠመኔ በአንድ መስመር ሰርዤ ጎጆ እሠራና ከላይ እጽፋለሁ፦ «ብርዱ ጣቴን ስላደነዘዘው የቦርሳዬን ዚፕ በጥርሴ ከፈትኩ።»

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ «በጣም ብርድ» የሚለውን ለደብረ ብርሃን ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዚፑ ነው። ይህን ልዩነት በቃል ከማብራራት ይልቅ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ማንበብና «የትኛውን አያችሁት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ዐሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ግን ካልተደረገ የሚቀጥለው ሁሉ አይሠራም። ልጆች ጽሑፍ ሲታረም እንጂ ጽሑፍ ሲሻሻል አይተው አያውቁም።

የወፍጮ ቤቱ ጽሑፍ

አሁን ወደ ልጆቹ ሥራ። አንድ ልጅ የጻፈውን ረቂቅ ልክ እንደነበረ አስቀምጣለሁ፦

«እናቴ ወፍጮ ቤት ላከችኝ ከዛ ሄድኩ ከዛ ሰው በጣም ብዙ ነበር ከዛ ወረፋ ያዝኩ ከዛ መብራት ጠፋ ከዛ ጠበኩ ከዛ መብራት መጣ ከዛ አስፈጨሁ ከዛ ወደ ቤቴ ሄድኩ እናቴ ጎበዝ አለችኝ። ስለዚህ ቤተሰቦቻችንን መታዘዝ አለብን።»

ቀይ እስክሪብቶ ይዛችሁ ብታዩት የሚታያችሁ «ጠበኩ»፣ ስምንት «ከዛ» እና የጠፋው አራት ነጥብ ነው። ያንን አርማችሁ ብትሰጡት ልጁ «ጠበቅሁ» ብሎ ገልብጦ ያመጣላችኋል፤ ጽሑፉ ግን እንደሞተ ይቀራል። ፊደሉን ለጊዜው ተዉት። እኔ በዴስኮቹ መሐል ስዞር እስክሪብቶዬን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ነው። እጄ ላይ ካለ ሳላስበው አርማለሁ።

ለአንድ ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አልቆምም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ረድፍ አዳርሳለሁ፣ የቀሩትን በሚቀጥለው። ጥያቄው ከጽሑፉ ውስጥ በጣም ሕይወት ሊኖረው ከሚችለው ቦታ ይነሣ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያ ቦታ ግልጽ ነው፦ «መብራቱ ሲጠፋ ምን ሰማህ?»

ልጁ አሰበና «ወፍጮው ቀስ እያለ ቀስ እያለ ዝም አለ» አለኝ። ከዚያስ? «አንዲት ሴትዮ ‹ዛሬም?› አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።» አንተስ? «ማዳበሪያዬን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ተራዬን እንዳይወስዱብኝ እንቅልፌ እየመጣ አልተኛሁም።»

«ይህን አሁን የነገርከኝን ጻፈው» ብዬ ሄድሁ። ለልጁ ልጽፍለት እችል ነበር፤ ፈተናውም እሱ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ አፋችን ላይ ይመጣል። ዋጥ አድርጉት። በቀኝ ገጽ ላይ በሳምንቱ የወጣው ይህ ነው፦

«እናቴ ጤፍ እንዳስፈጭ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። ወረፋው በሩ ድረስ ነበር። ሁለት ሰው ሲቀረኝ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ቀስ እያለ ቀስ እያለ ዝም አለ። አንዲት ሴትዮ «ዛሬም?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ማዳበሪያዬን አቅፌ ቁጭ አልኩ። እንቅልፌ መጣ ግን ተራዬን እንዳይወስዱብኝ አልተኛሁም። መብራቱ ሲመጣ ወፍጮው ጮኸ እኔም ዘልዬ ተነሳሁ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ነው የጨመረው። «ከዛ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም አላነሳሁበትም፤ የሚናገረው ነገር ሲያገኝ ቃሉ በራሱ ወደቀ። «ቤተሰቦቻችንን መታዘዝ አለብን» የሚለውም ጠፍቷል። ስለዚህ መዝጊያ ነገር ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ልጆቻችን ማንኛውንም ጽሑፍ በምክር ካልዘጉ ያላለቀ ይመስላቸዋል፣ እኛም አስተምረናቸዋል። የዶሮ መጥፋት ታሪክ «ስለዚህ ንብረታችንን መጠበቅ ይገባናል» ብሎ ያልቃል። የኔ ዘዴ ቀላል ነው፦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በእጅ መዳፍ ሸፍነው እንዲያነቡ ማድረግ። «ያለ እሷ ጎደለ?» አልጎደለም ካሉ ራሳቸው ይሰርዟታል። አንዳንዱ አልሰርዝም ይላል፤ መብቱ ነው።

ሦስቱ ልጆች በአንድ ዴስክ

እኔ ያልደረስሁባቸው ልጆች እርስ በርስ ይሠራሉ። የአንድ ለአምስት ቡድን ካላችሁ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት፤ አንድ ደብተር ላይ ስድስት ራስ ሲደፋ ሁለቱ ያነባሉ፣ አራቱ ይገፋፋሉ። በዴስክ ያሉት ሦስቱ በቂ ናቸው። አንዱ ደራሲ፣ አንዱ አድማጭ፣ አንዱ ጥያቄ ጸሐፊ፤ በየተራ ይለዋወጣሉ።

ደራሲው ራሱ ጮክ ብሎ ያነባል። አድማጩ ደብተሩን አይነካም። ሲጨርስ አድማጩ ሁለት ነገር ብቻ ይናገራል፦ ከሰማው ውስጥ ያልረሳውን አንድ ነገር፣ ከዚያም በ«ማን»፣ «ምን»፣ «የት»፣ «እንዴት» ወይም «ለምን» የሚጀምር አንድ ጥያቄ። ጥያቄ ጸሐፊው ያንን በደራሲው ገጽ ጥግ ላይ ይጽፋል። መመለስ አለመመለሱ የደራሲው ውሳኔ ነው። «ጎበዝ» እና «ጽሕፈትህ አያምርም» የሚሉት ሁለቱ አስተያየቶች ክልክል ናቸው፤ ካልከለከላችኋቸው ሌላ ነገር አትሰሙም።

ሁለተኛ ዙር ላይ አንባቢው ይቀየራል፤ የደራሲውን ጽሑፍ ጓደኛው ያነበዋል፣ ደራሲው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ጓደኛው በተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ደራሲው ነጥብ ያደርጋል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ይህ ዙር ለአማርኛ ልዩ ጥቅም አለው። አንዷ «በበዓል ቀን ዶሮ ይበላል» ብላ ጻፈች። ጓደኛዋ አላልቶ አነበበውና ዶሮው በበዓል ቀን ሲጠግብ የሚውል ሆነ። ዴስኩ በሳቅ ወደቀ፤ እሷ ግን ወዲያው ሰርዛ «ዶሮ ወጥ እንበላለን» አለች። እኔ ባስረዳት ኖሮ እንዲህ ፈጥኖ አይገባትም።

ማሰሪያው የት አለ?

የ4ኛ ክፍል ጽሑፍ ትልቁ በሽታ ማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ሐሳቡን የሚዘጋ ግስ፣ የሌለው ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። «ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ቁርሴን በልቼ ደብተሬን ይዤ ጓደኛዬን ጠርቼ አብረን ሄደን ሰልፍ ላይ ደርሰን ባንዲራ ሰቅለን ክፍል ገብተን» እያለ ገጹ ያልቃል። አማርኛ ይህን ይፈቅዳልና ልጁ ምንም ስሕተት አይታየውም።

ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ በአንድ ትንፋሽ እንዲያነብ። ትንፋሹ ያለቀበት ቦታ ላይ አጭር ሰረዝ ያድርግ። ሁለተኛ፣ ሰረዙ አጠገብ ያለውን ግስ ያስረው፦ «ይዤ» የነበረው «ያዝኩ» ይሁን፣ አራት ነጥብ ይከተለው። «ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ቁርሴን በልቼ ደብተሬን ያዝኩ።» ይህን ከተማሩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ሁሉን ነገር መቆራረጥ ይጀምራሉ፤ «ተነሳሁ። ታጠብኩ። በላሁ።» አትቆጧቸው። ሁለት ሦስት ድርጊት በአንድ ማሰሪያ ቢያያዝ ጥሩ እንደሆነ በንባብ እየሰሙ ይለምዱታል።

ፊደል በመጨረሻ

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ የሚመጣው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ የአንድ ዓረፍተ ነገር ፊደል ለማረም የለፋ ልጅ ያንን ዓረፍተ ነገር አልሰርዝም ይላል፤ ላቡ ገብቶበታላ።

ግድግዳው ላይ የተገለበጠ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰቅሏል፤ በማርከር አራት ጥያቄ ተጽፎበታል። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አራት ነጥብ አለ? ሰዎች ሲናገሩ ትእምርተ ጥቅስ ተደርጓል? ግሱ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል፣ ማለትም «ልጆቹ መጣ» ብለናል ወይስ «ልጆቹ መጡ»? የአፍ አነጋገር በጽሑፍ አገባቡ ተጽፏል፦ «ከዛ»፣ «አርጎ»፣ «መተዋል» የሚሉት «ከዚያ»፣ «አድርጎ»፣ «መጥተዋል» ሆነዋል? አንድ ጥያቄ ይዘው ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይዘው እንደገና። አራቱን አንድ ላይ መፈለግ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። በሰው ንግግር ውስጥ ያለውን የአፍ አነጋገር ግን አታስለውጡ። «ዛሬም?» ያሉት ሴትዮ እንዳሉት ይቀመጡ።

በሞክሼ ፊደላት ነገር የኔን አቋም ልናገር፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በሚሉት በ4ኛ ክፍል ነጥብ አልቀንስም። የምጠይቀው አንድ ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲጻፍ ብቻ ነው። በዚህ የማይስማሙ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ ሻይ ቤት ውስጥ ብዙ ተከራክረናል፤ አሁንም አልተስማማንም።

ማርክ፣ ወላጅ፣ ሱፐርቫይዘር

ረቂቅ ማርክ የለውም። ከ10 የምሰጠው ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አይቼ ነው፦ 5 ከግራ ወደ ቀኝ ለተደረገው ለውጥ፣ 3 አንባቢ ያለ ማብራሪያ ለሚረዳው ግልጽነት፣ 2 ለፊደልና ለነጥብ። ለተከታታይ ምዘና መዝገብም ይስማማል። ክፍፍሉን ከመጀመሪያው ቀን ይወቁት። ለማርክ ብለው ደህናውን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው ሌላ የሚተኩ ይኖራሉ፤ አንዱን ለውጥ በጣት አሳይቶ «ይህን ለምን ለወጥከው?» ማለት ነው። ምክንያት ያለው ልጅ ወዲያው ይመልሳል።

ስለ ወላጆች። አንድ አባት የልጃቸውን የረቂቅ ደብተር አይተው «ይህ ሁሉ ስሕተት እያለ እንዴት ዝም ይባላል?» ብለውኛል። ሱፐርቫይዘርም ደብተር ሲያገላብጥ የሚፈልገው ቀይ ፊርማና የታረመ ገጽ ነው። ሁለቱም አይፈረድባቸውም፤ ያዩት ግራውን ገጽ ብቻ ነው። «ረቂቅ» የሚለው ቃል በትልቁ የሚጻፈው ለዚህ ነው። በመስከረም የወላጅ ስብሰባ ላይ ካምናው የአንድን ልጅ ሁለት ገጽ ከፍቼ አስነብባለሁ፤ ወላጆች ልጃቸው ቤት ሲጽፍ እንዳያርሙለት፣ ይልቅስ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለው እንዲጠይቁት እለምናለሁ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ እንዲያውም እነሱ ይሻላሉ፣ ፊደሉን ስለማያዩት ታሪኩን ነው የሚያዳምጡት። የትምህርት ቤታችሁን ርዕሰ መምህር ደግሞ ከሱፐርቪዥኑ በፊት ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ አንድ ቀን አሳዩ።

ገና መጻፍ ላልቻሉት

በየዓመቱ 4ኛ ክፍል ደርሰው ቃል መመሥረት የሚያቅታቸው ልጆች ይኖራሉ፤ የፊደል ገበታውን በቃላቸው ይወጡታል፣ «ቤታችን» ጻፍ ሲባሉ ግን ይቆማሉ። እነዚህ በረቂቅ ቀን ገልብጡ ተብለው ጥግ እንዲቀመጡ አይደረግም። ታሪካቸውን ለዴስክ ጓደኛቸው ይናገራሉ፣ ጓደኛው እንዳሉት ይጽፋል፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጓደኛው መልሶ ያነብላቸዋል። እዚያ ላይ ባለ ታሪኩ «እንደዚያ አላልኩም!» ይላል፤ ማሻሻል ተጀመረ ማለት ነው። ያስተካከሉትን ራሳቸው በቀኝ ገጽ ይገለብጣሉ፣ የሚገለብጡት የገዛ አፋቸውን ቃል ስለሆነ ከመጽሐፍ ከመገልበጥ ይልቅ ፊደሉ ቶሎ ይያዝላቸዋል። ጸሐፊ ሆኖ የሚያግዛቸው ልጅ ግን በየጽሑፉ ይቀያየር፤ አንድ ልጅ ሁልጊዜ ጸሐፊ ከሆነ የራሱን ረቂቅ ሳይጨርስ ደወል ይደወልበታል።